አባ ለፋ የት ተቀበሩ?

ረቡዕ፣ ጎባ

የሆነ ነገር ደብቀውኛል። ለመጽሔቱ ስለ ካቶሊኩ ገዳም አመሠራረት ልጽፍ ብዬ ብሄድ፣ አለቃዋ ሲስተር ብርሃኔ ሻይ በዳቦ አቀረቡልኝ፤ ወሬውን ግን ቆጠቡ። በንጉሡ ጊዜ ነጮቹ ሚስዮናውያን ድንኳን ተክለው ጀመሩት፤ ቦታውን የሰጧቸው አባ ለፋ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። አለቀ።

“ለፋ ስም ነው?” አልኩ።

“ለገዳሙ ስለለፉ ነዋ።”

ሲስተር ከሶዶ ከመጡ ጀምሮ በየእሑዱ ይጸልዩላቸዋል። ፎቶ? የለም። መቃብር? የለም። የነጮቹ መቃብር ግን አበባ ተተክሎበት ተደርድሯል። እንዲያ የለፋ ሰው መቃብር ይነፈጋል?

ሐሙስ

ማንም አያየውምና ልጻፈው። አባ ለፋ ወይ ቆባቸውን ጥለው አግብተዋል፣ ወይ ከነጮቹ ተጣልተዋል። ደግሞስ መነኩሴ ይህን ሁሉ መሬት ከየት አመጣ?

አከራዬ ሐጂ ከድርም አላማሩኝም። ዛሬም ጀሪካን ይዘው በገዳሙ የጓሮ በር ገቡ። ቤታቸው ቧንቧ አለ። ሐጂ ገዳም ውስጥ ምን አላቸው?

ዓርብ

ነገሩ ከረረ። ገዳሙ የቆርቆሮ አጥሩን በድንጋይ እያስቀየረ ነው፤ ከሮቤ የመጣው ግንበኛ ዛሬ የጓሮው በር ጋ ደረሰ። ከበሩ ውስጥ ምንጭ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ግንበኛው ፊት ቆሙ።

“ይሄ በር አይዘጋም። የአባቴ ቃል ነው” ብለው ሄዱ።

ሲስተር በጆሮዬ፣ “ቦታውን የሰጡት አባ ለፋ ሆነው ሳለ የሐጂ አባት ከየት መጡ? ሰኞ ይዘጋል” አሉኝ።

እኔም ሐጂን ጠረጠርኩ። የመሬት ነገር ሲመጣ ሰው ይለወጣል።

ቅዳሜ

ሐጂን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸውና አፋጠጥኳቸው። “መሬቱን የሰጡት አባ ለፋ ናቸው ይባላል። ያውቋቸዋል?”

ሳቅ ያዛቸው፤ መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃው፣ ከእጃቸው ወደቀ።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሐዋሳ ስትመጪ ኦሮምኛ አላስተማሩሽም? ለፋ መሬት ነው። አባ ለፋ፣ የመሬቱ ባለቤት። ሰፈሩ አባቴን እንዲያ ይለው ነበር፣ ነጮቹም ከሰፈሩ ሰሙ። አደም ነው ስሙ። ሲሰጣቸው ‘ምንጩ የእናንተ፣ በሩ የሁላችን’ ብሎ ነው።”

“በየእሑዱ እኮ ይጸለይላቸዋል።”

“በካቶሊክ?”

“በካቶሊክ።”

ሙስበሃቸውን አነሡ። “ግድ የለም። አላህ ቋንቋ ያውቃል።”

“ቧንቧ እያለዎት ጀሪካኑስ?”

“እኔ ካልገባሁበት በሩ መኖሩን ማን ያስታውሳል?”

በዚያው ሄጄ ለሲስተር ነገርኳቸው። አላመኑኝም፣ አላስተባበሉም። ሻይም አላሉኝም።

እሑድ

ቅዳሴ ገባሁ፣ ጆሮዬን ቀስሬ። ጸሎቱ ላይ ሲስተር “ለአባ...” ብለው ቆሙ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ይህን ቦታ ለሰጡን ለአደም” አሉ። እናቶች ተያዩ።

ስለ በሩ ግን ትንፍሽ የለም። ስሙን መልሰው በሩን ሊወስዱ ይሆን? ስወጣ በጓሮ ዞርኩ። ክፍተቱ አለ፤ ድንጋዩም አጠገቡ ተከምሯል። ግንበኛው በእሑድ ምድር ሜትር ይዞ ቆሟል።

“እትዬ፣” አለኝ፣ “ሐጂ ቁመታቸው ምን ያህል ይሆናል? ሲስተር ከነጥምጣማቸው ሳያጎነብሱ ይግቡ ብለዋል።”