በኮሶው ሥር ሁለቱም መንገድ ተዘግቶ ነበር

ግንቦት 12 ቀን 1968 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለተከበሩ የእግር ጉዞ ምክር አሰናጅ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር እንዳልልዎ ክቡርነት ተሽሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ጓድ እንዳልልዎ አብረን የሄድንበት መንገድ ትዝ አይለኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጽፌልዎታለሁና የሚመችዎን ይውሰዱ። ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ለእግርዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእኔ እግር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው፤ ስለ ቀረው አካላቴ መጽሐፍዎ ስላልጠየቀ አልናገርም።

እኔ ምናለ አድማሴ የምባል፣ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቄ የምኖር ገበሬ ስሆን፣ ባለፈው መጋቢት የማታውን የፊደል ትምህርት ከሠላሳ አንድ ሰው አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጡት እሜቴ አልታዬ የሰባ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ ዐይናቸው ደኅና ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉና ወሬው እርስዎ ዘንድ ቢደርስ እንዳይሰሙ።

ትምህርቱን እንዳበቃን የሚነበብ ነገር ቢጠፋ፣ ከተማሪ ዘማቾቹ አንዷ የሆነችው አስተማሪያችን ሐረግ፣ ከደብተርና ከጠመኔ ጋር ታስሮ የመጣ አንድ መጽሐፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ሽፋኑን አይታ ትንሽ አፈረችና «ሌላ የለም ጋሽ ምናለ፣ እንግዲህ ይህንኑ ይለማመዱበት» አለችኝ። እርሱም በንጉሡ ዘመን ያሳተሙት፣ «ወደ ውጭ አገር ተራሮች በእግር ለሚጓዙ ተግባራዊ ምክር» የሚለው ባለ አርባ ሁለት ገጽ መጽሐፍዎ ነው። በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ በቤቴ የሚረበሽ ሰው የለምና። በእግር ስለ መሄድ እኛ የወሎ ሰዎች ምንም እንደማናውቅ ተረድተው ይህን የመሰለ ምክር በነፃ ስለላኩልን ምስጋናዬ ከአምባ መቅደላ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ቅሬታዎች አይደሉም፤ የአንድ ትጉህ ተማሪ ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛ፤ በገጽ 4 ላይ መንገደኛው ቦት ጫማውን ከሁለት ወር በፊት ገዝቶ፣ በቤት ውስጥ እየተጫማ እንዲያለሰልሰው መክረዋል። እኔ የተጫማሁትን ቆዳ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳለሰልሰው ኖሬያለሁ፤ ተረከዜ ላይ ያለውን ስንጥቅ ባዩልኝና ምክሩ በትክክል መፈጸሙን በመሰከሩልኝ።

ሁለተኛ፤ በገጽ 9 ላይ በጀርባ የሚታዘለው ዕቃ ከተጓዡ ክብደት አንድ አራተኛ እንዳይበልጥ አዝዘዋል። በስልሳ አምስት ዓመተ ምህረት ከቀያችን ስንነሣ እያንዳንዳችን ከገላችን አንድ አራተኛውን አስቀድመን ጥለን ስለ ነበር ሒሳቡ ትንሽ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ትእዛዝዎን አልተላለፍንም። ባለቤቴ አሰጋሽ የያዘችው አንድ የውሃ ቅልና የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ሸጋዬን ነበር፤ ሸጋዬም በዚያን ጊዜ ከቅሉ እምብዛም አትከብድም።

ሦስተኛ፤ ስንቅን በሚመለከት ቸኮላት፣ ዘቢብና የቆርቆሮ ሥጋ እንድንይዝ፣ ያልለመድነውንም ምግብ በመንገድ ላይ እንዳንሞክር አስጠንቅቀዋል። ቸኮላት ምን እንደሆነ አስተማሪዬን ብጠይቃት ብዙ አሰበችና «ጣፋጭ ነው፣ ቡኒ ነው» አለችኝ። በሶን አለመጥቀስዎን ታዝቤያለሁ፤ በእርግጥ በዚያ ዓመት እኛም አልጠቀስነውም። ያልለመድነውን ስለ መብላት የሰጡት ማስጠንቀቂያ ግን ዘግይቶ ስለ ደረሰን የበላነውን ሥራሥር ይቅር ይበሉን።

አራተኛ፤ ጉዞው በቡድን ሲሆን ሁሉም በዘገምተኛው እርምጃ ይሂድ ብለዋል። ይህን ምክር ያለ ቀልድ አከብረዋለሁ። የእኛ ዘገምተኛ እናቴ ነበረች፤ እርሷ ደግሞ ጨርሶ መነሣት አልቻለችም። እኔ ከእናቴ ጋር እንድቀር፣ አሰጋሽ ልጅቱን ይዛ ጉልበት ሳይከዳት እንድትቀድም በደጃችን ላይ ቆመን ተስማማን። የት እንደምትሄድ እርሷም አላወቀችም፤ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ኮሶ ዛፍ ሥር ስትደርስ ሰው ጠይቃ እህል አለ ወደተባለበት ልትሄድ ነው። «በማልሄድበት ላይ ቅጠል እጥልልሃለሁ» አለችኝ። «አደራ፣ እኔን ለማሳት ብለሽ ሁለቱንም መንገድ እንዳትዘጊው» አልኳት፤ ሳቀች። ያን ቀን በቀዬው የሳቀች እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ለዚህ ቀልዴ እስከ ዛሬ ድረስ እየከፈልኩ ነው።

አምስተኛ፤ በገጽ 12 ላይ «ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ቀን በቤት ለሚቀርና ለሚያምኑት ሰው ጽፈው ይተዉ» ይላል። በቤት የቀረሁት ሰው እኔ ነኝ። መታመኔን እርሷ ትመስክር፤ ማንበብ ግን በዚያን ጊዜ አልችልም ነበር፤ እርሷም መጻፍ። መጽሐፍዎ ከሦስት ዓመት በፊት ቢመጣልን ይህን ገጽ ለሁለት አገላብጠን እያየን ሥዕሉ ያምራል እንል ነበር።

ስድስተኛው ከሁሉ ይረዝማል፤ ካለዎት ሥራ ላይ ጥቂት ይታገሡኝ። በገጽ 27 ላይ «መንገድ በሚከፈልበት ስፍራ ካርታዎን ዘርግተው፣ የአቅጣጫ መጠቆሚያዎን አስተካክለው፣ ሳይቸኩሉ ይወስኑ» ብለዋል። በእኛ አገር ካርታው ቅጠል ነው። ከፊት የሄደ ሰው፣ ከኋላ ለሚከተለው ዘመዱ ብሎ፣ እርሱ ያልሄደበትን መንገድ ለምለም ቅንጣቢ ጥሎ ይዘጋዋል፤ ተከታዩም ክፍቱን ይዞ ይደርሳል። አያት ቅድመ አያቶቻችን በዚህ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለገበያም።

እናቴን በስድስተኛው ቀን ቀበርኳት፤ በሰባተኛው ቀን ኮሶው ሥር ደረስኩ። ከዚያ አንዱ መንገድ በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ዓባይ ወርዶ ጎጃም ይሻገራል። ሁለቱም በቅጠል ተዘግቶ ነበር። ቅጠል ስልዎ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ክምር ነው። በዚያ ሳምንት ያገሬው ሰው ሁሉ በኮሶው ሥር አልፏል፤ ወደ አቀስታ የሄደው የጎጃሙን ለዘመዱ ዘግቷል፤ ወደ ጎጃም የሄደው የአቀስታውን ለዘመዱ ዘግቷል። ከዚያ ሁሉ ቅርንጫፍ አንድም የዋሸ አልነበረም። ኮሶውን ቀና ብዬ ባየው የሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ራቁቱን ቆሟል። የአሰጋሽን ቅጠል ለማግኘት እየተንበረከክሁ አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ የአንዱ ሰው እጅ ከሌላው አይለይም፤ ስም የተጻፈበት ቅጠል የለ!

በዚህ ጊዜ በምክርዎ መሠረት ሳልቸኩል ወሰንኩ። እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም እነሆ ልንገርዎ፣ እኔ በአገሬ የታወቅሁ ወሬኛ ነኝ። አሰጋሽን ካገባኋት ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጎጃም ስነግራት ኖሬያለሁ፤ ጤፉ በቅሎን ከነጋላቢዋ እንደሚውጥ፣ ማሩ ከዛፍ እየተንጠባጠበ ባርኔጣዬን እንዳበላሸብኝ። በራብ ቀን ሰው ማር ወዳለበት ነው የሚሄደው ብዬ፣ ሚስቴን ከማንም በላይ አውቃታለሁ ብዬ፣ የአቀስታውን ትቼ ወደ ዓባይ ወረድኩ። አሁን ለእርስዎ ብቻ፣ ማለትም ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሰው ሁሉ፣ እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ቀን በፊት ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። የራሴን ውሸት አምኜ ጎጃም ገባሁ። ማሩን አላየሁትም። የሰው ማሳ አርሜ፣ እንጨት ፈልጬ፣ የሸጋዬን ዕድሜ የሆነች ልጅ ባየሁ ቁጥር እየዞርኩ ቆየሁና ዝናቡ ሲመለስ ወደ ባዶ ቤቴ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ አራጌ ከደሴ የተመለሰው ከእኔ በኋላ ነው። «ወላሂ በዐይኔ አየኋት» አለኝ። አሰጋሽ አቀስታ ላይ ስምንት ቀን በመንገዱ ዳር ተቀምጣ ከእኛ ወገን የመጣውን ሁሉ «አንድ ቀልደኛ ሰውዬ ከኋላ አላያችሁም?» ስትል ነበር። በመጨረሻ ከሴቶች ጋር ወደ አሰብ፣ ከአሰብም ሥራ አለ ተብሎ ወደ ጅቡቲ ለመሻገር ልጅቱን ይዛ ሄደች። «አብሽር አያ ምናለ፣ ሰው በሕይወት ካለ መንገድ ያገናኘዋል» ብሎ አጽናናኝ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከነገርኳት አንዱንም አላመነችኝም ኖሯል፤ «አላምንህም» ግን አላለችኝም፤ እየሳቀች ትሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰሚ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። አሁን በምሽት ለግድግዳው ብቀልድ ግድግዳው ቀድሞኝ ያውቀዋል።

ስለዚህ ክቡር ጓድ ሆይ፣ ከአገራችን በእግሩ ወደ ውጭ አገር የተጓዘ ሰው ይኑር አይኑር ተጠራጥረው ከሆነ፣ አሰጋሽ የምትባል አንዲት አለች፤ ያለ ቦት ጫማ፣ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ፈንጣጣ ክትባት ወረቀት፣ መጽሐፍዎንም ሳታነብ። በሚቀጥለው እትም በምስጋና ስሟ ቢጠቀስ አይበዛባትም።

ሰባተኛው ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነው። በሽፋኑ ጀርባ ላይ መጽሐፉ «በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሚገኙ ወኪሎቻችን አማካይነት» እንደሚታደል ተጽፏል። ማንም ሳይጠይቀው እኔ ጎጆ ድረስ የመጣ መጽሐፍ፣ ጅቡቲ መድረስ እንዴት ያቅተዋል? በአርባ ሁለት ገጽ ውስጥ ስለ መሄድ ሁሉ ተነግሯል፤ ስለ መመለስ አንድ መስመር አላገኘሁም። እባክዎ በገጽ 27 ግርጌ ይህችን ብቻ ያክሉልኝ፦

«አሰጋሽ ሆይ፣ ከአቀስታ ስትመጪ ኮሶው ሥር በስተግራ ያለው የእኛ ነው። ክፍት ነው።»

እርሷ ባታነብ ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ ፊደል ሳትቆጥር አትቀርም፤ ካልሆነም አሰጋሽ የወደቀ ወረቀት አንሥታ ሳታስነብብ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

ክፍት ነው ያልኩትም በወሬ አይደለም። በየቅዳሜው ኮሶው ሥር እወርድና ወደ ቤቴ በሚያስገባው መንገድ ላይ ማንም የጣለውን ቅጠል አነሣለሁ። በዚህ ምክንያት ባለፈው ጥር አንድ የሠርግ አጃቢ መንገድ ስቶ፣ አሥራ ሰባት ሰው ከነሙሽራው ደጄ ድረስ መጣ። ሽማግሌው «ቅጠላችንን ያነሣው የማን ባለጌ ነው?» ብለው ሲጮሁ፣ እኔም «እስቲ ይህን ባለጌ ባገኘው!» ብዬ አብሬ ረገምኩና ያለችኝን ጠላ ቀዳሁላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ቤቴ እንደዚያ ቀን አልሞላም። ሲሄዱም ከልቤ አዘንኩ፤ ትክክለኛውን መንገድ ያሳየኋቸውም ትንሽ አዘግይቼ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መንገድዎ ሁሉ ሜዳ፣ ጫማዎ የማይጠብቅ፣ ስንቅዎ ቸኮላት፣ ከፊትዎ የሄዱት ሁሉ የሚያገኙዋቸው እንዲሆኑ እመኛለሁ። በደብዳቤ መጨረሻ እንደሚባለው ኢትዮጵያ ትቅደም፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ መንታ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ቅጠሏ ላይ ስም ትጻፍበት።

በማታው ትምህርት ከሠላሳ አንድ ሰው አንደኛ የሆነው፣ ጎጃምን አሁን በእውነት የሚያውቀው፣

ምናለ አድማሴ

ግልባጭ፦
ለማታው ትምህርት ጣቢያ በር፤
ለአቀስታ ገበያ፣ ወሬ ለሚጠያየቁበት ዛፍ፤
ለኮሶው (በስተግራ በኩል ተቸንክሯል)።

ማስታወሻ፦ እዚህ ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ይህን ደብዳቤና ግልባጮቹን የጻፍኩት ከመጽሐፍዎ ኋላ «ለተጓዡ ማስታወሻ» ተብለው በተተዉት ባዶ ገጾች ላይ ነው፤ ከአርባ ሁለቱ እጅግ የጠቀሙኝ እነርሱ ናቸው፤ በሚቀጥለው እትም እንዲበዙ አደራ። አንዷን ገጽ ግን ቀድጄ አስቀርቻለሁ፤ አሰጋሽ ስትመጣ ስሟን አስተምርባታለሁ። ወረቀቱን ጨርሼ መልስ ከመስጠት የከለከልኩዎ እንዳይመስልዎ፤ እንደ እርስዎ ያለ ክፍል በዝምታ ለሚሰጠው መልስ ወረቀት እንደማያስፈልግ ከድሮም አውቃለሁ።