በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ የተሰፋው የቧንቧ ሠራተኛ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽ ወይስ አሁንም ሐኪሙን እሺ እያልሽ በጎን ትወጫለሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠራላት? ባለቤትሽ፣ ትልቁ ልጅሽ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፈው ትንሿ፣ ሁላችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። የኔው ሰውዬ ያው አውቶቡሱን ይነዳል፤ ቤት ሲገባ ወገቤን ይላል፣ ጠጋ ብዬ ላሽልህ ስለው ደግሞ ተሽሎኛል ብሎ ይነሳል።

ባለፈው በስልክ ስናወራ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ፣ አፍሽን ያዢ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ተቆጥተሽ ሳይሆን ፈርተሽልኝ እንደሆነ ይገባኛል። በስልክ ደግሞ ሁለታችንም እኩል ስለምናወራ ማን ምን እንደሰማ አይታወቅም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው በወረቀት ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት እሰፋለሁ። ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ የመጣውን በወስፌ በስቼ፣ በሲባጎ ሰፍቼ፣ የካርቶን ሽፋን አልብሼ መደርደሪያ ላይ አቆመዋለሁ። ዳኛ ሲጠራ የሚወጣው እኔ የሰፋሁት ነው። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ሽፋን ሲያልቅብን፣ እሱ ደግሞ የማያልቅበት ጊዜ የለም፣ አንድ ልማድ አለን። ሦስት አራት ቅጠል ብቻ ያላቸውን ስስ መዝገቦች እንዳይበተኑ ብለን በወፍራም መዝገብ መሃል እናስገባቸዋለን። ሆድ ውስጥ ማሳደር እንለዋለን። ሽፋን ሲመጣ እናወጣቸዋለን። ማን የትኛውን የት እንዳሳደረ ግን የሚጽፍ የለም፤ በጭንቅላታችን ነው የምንይዘው። የኔን ጭንቅላት ደግሞ አታጪውም፣ ጨው ልገዛ ወጥቼ ሳሙና ይዤ የምመለስ ሴት ነኝ።

ባለፈው ወር አንድ ወፍራም መዝገብ ለይግባኝ ኮፒ ይደረግ ተባለና ክሩን ፈታሁት። ስፌቱ የራሴ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለቴ የምቋጥረው እኔ ብቻ ነኝ። ከመሃሉ የሌላ ሰው መዝገብ ወጣ፣ አራት ቅጠል። ሆድ ውስጥ አሳድሬው ረስቼ፣ ለወፍራሙ ተጨማሪ ወረቀት ሲመጣ አንድ ላይ ወግቼ ሰፍቼዋለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አነበብኩት። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ይሠራበት ከነበረ ሕንጻ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሰርቀሃል ተብሎ የተያዘ። አራተኛው ቅጠል የሕንጻው ባለቤት ደብዳቤ ነው። ሞተሩን ዘበኛው ለጥገና ወስዶት ኖሮ ተገኝቷል፣ በሰውዬው ላይ ምንም አቤቱታ የለኝም ይላል። የተጻፈው ሰውዬው በተያዘ በስምንተኛው ቀን ነው።

የቀጠሮ ደብተሩን አገላብጬ አየሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዳኛ ፊት ቀርቧል፣ አሥራ ሦስት ጊዜ። በአሥራ ሦስቱም የተጻፈው አንድ ነው፤ መዝገቡ ስላልቀረበ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል ይላል። ስድስት ወር ማለት ነው።

ለኃላፊያችን ወስጄ አሳየሁት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር አይወድም እንጂ። በሩን ገፋ አደረገና፣ ሽፋን አልብሰሽ አቁሚው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲጠራ ይገኛል፣ ማንም ምንም አይልሽም አለኝ። ቀጠሮው መቼ ነው ስለው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፣ ስድስት ወር ለቆየ ሰው አሥራ አንድ ቀን ምን አላት አለ። ለአንተማ ምንም የላትም አልኩት። ሴትዮ፣ አንቺ ክር ሳብሽ እንጂ ሰው አላሰርሽም አለኝ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በኃላፊው በኩል ካልሆነ ዳኛ ቢሮ አይገባም። እኔ ገባሁ። ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ ስንት ጊዜ ተቀጠረ ብለው ጠየቁኝ። አሥራ ሦስት ጊዜ፣ ስድስቱ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው ፊርማቸውን በደብተሩ ላይ አንድ በአንድ ቆጠሩና ዛሬውኑ ይቅረብ አሉ። ሰውዬው ከምሳ በኋላ ተጠርቶ ቀረበ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወጣ።

በሳምንቱ አንድ ቀጭን ሰው መስኮታችን ላይ ቆሞ የኔን መዝገብ የሰፋችው የትኛዋ ናት አለ። ጓደኞቼ ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። እኔ ነኝ ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ አልኩት። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን፣ ትንሿ ልጄ አባባ ማለቷን ትታ ጋሼ ትለኛለች አለኝ። ከዚያ ከኪሱ የብስኩት ካርቶን ቅዳጅ አወጣ። ሦስት አብረውኝ የነበሩ ሰዎች መዝገባችሁ አልቀረበም እየተባሉ ይመላለሳሉ፣ ቁጥራቸው ይኸው፣ መቼም ወረቀት የት እንደሚገባባችሁ አሁን አውቀሻል፣ ፈልጊ አለኝ።

ፈለግሁ። ኃላፊያችን እያየኝ እንዳላየ ሆነ። አንዱን በሦስተኛው ቀን ከሌላ መዝገብ ሆድ አወጣሁት፤ እሱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም። ሁለቱን እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

አንቺ አሁን ስህተት የትም አለ ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ እኔም ነገ እሳሳታለሁ። ግን አንዲት ሴት መርፌዋ ስለሳተ አንድ ሰው ስድስት ወር የሚቀመጥ ከሆነ፣ የተበላሸው መርፌው ብቻ አይደለም። ያ ሰው አሥራ ሦስት ጊዜ ዳኛ ፊት ቆሞ ሞተሩ ተገኝቷል እያለ ነበር። አፍ እያለው የሚጠበቀው ወረቀቱ ነው። መዝገቡ የጠፋው እኛ ጋ ነው፤ ሰውዬውማ አልጠፋ፣ በእጃችን ነው ያለው። እናንተ ክሊኒክ የታማሚ ካርድ ቢጠፋ ታማሚውን ኮሪደር ላይ ስድስት ወር ታስቀምጡታላችሁ? አዲስ ካርድ አውጥተሽ የት ጋ ነው የሚያምህ ነው የምትዪው። ዳኛም እንደዚያው እንዲጠይቅ በሕግ ይጻፍ ነው የምለው። መዝገቡ አንዴ ካልቀረበ ሰውዬው ራሱ ይደመጥ፤ ሁለተኛ ካልቀረበ ቤቱ ሆኖ ይጠብቅ። እስር ቤቱም በየሳምንቱ ያሉበትን ሰዎች ዝርዝር ይላክልን፣ እኛ ካለን መዝገብ ጋር እናመሳክር። ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ በአንድ የእስረኞች ክፍል ዝርዝር ሞክሬ አይቼዋለሁ። የኔው ሰውዬ ዘራፊውን ሁሉ ልታስፈቺ ነው ወይ አለኝ። ዘራፊውን በወጉ ለመቅጣትም መጀመሪያ ማንን እንዳሰሩ ማወቅ አለባቸው ስለው ወገቤን ብሎ ወደ አልጋው ሄደ።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉን የሚያሻሽለው ኮሚቴ አዳራሻችን መጥቶ የሠራተኛውን ሐሳብ ይሰማል። ኃላፊያችን ስለ ሽፋንና ስለ አምፖል እጥረት ተናገሩ ብሎናል። እኔ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ጥፋተኛዋ ራሴ መሆኔንም እናገራለሁ፤ እሱን ደብቄ ሌላውን ብናገር ማን ያምነኛል? ሊቀጡኝ ይችላሉ፣ ሊያሰናብቱኝም ይችላሉ፤ አስቤበታለሁ። ዳኛዋም ከአንቺ ቀጥዬ ስለ ፊርማዬ እናገራለሁ ብለውኛል። እሳቸው ከተነሱ ሌላው እንዴት ብሎ ይቀመጣል? ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ እኛ ሰፊዎቹ ማንንም ሳናስፈቅድ ሆድ ውስጥ ማሳደሩን ትተናል። ሽፋን የሌለው መዝገብ በራሱ ክር ለብቻው ይቆማል። ያለ ኮሚቴ ይህን ያህል ከቻልን ከነኮሚቴው እንዴት ያቅተናል? ሕጉ ይሻሻላል እትዬ። በአንድ ሐሙስ ባይሆንም ይሻሻላል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን ስላለፈ ደስ ብሎኛል፣ ግንባሩን ሳሚልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚያትና አክስትሽም እንዳንቺ ለፍላፊ ናት በያት። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ነገሩን ሌላ ሰው ሳያወራላት አንቺ ንገሪያት፣ አታለሳልሺላት። ልጅሽ ሳታውቅ ሰው አሳስራ ነበር በያት። ቀጥለሽም፣ ሐሙስ ዕለት በሰው ፊት ቆማ ተናገረች በያት። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ተናግሬ ስለምቆይሽ ውሸት አይሆንብሽም።

ታናሽ እህትሽ

ከመዝገብ ቤት፣ በምሳ ሰዓት
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን