ነጠላውና ድርቡ

ሐሙስ፣ መስከረም 4
ጭጋጉ እስከ በራችን ወርዷል። ኤሌውተሪዮ ጫማውን እያሰረ፣ "ዛሬም ነጠላው ብቻ ነው የሚኖረው" አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ለመንደሩ ወፍ የቆጠርን ባልና ሚስት... ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ነው የወጣው።
ነጠላውና ድርቡ የምንላቸው ሁለቱ ትንንሽ ዝንብ አዳኝ ወፎች በመልክ አይለዩም። ያው አረንጓዴ ጀርባ፣ ያው ግራጫ ራስ። ነጠላው አንዴ ያፏጫል፤ ድርቡ ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ሁለተኛ ፉጨት ይጨምርበታል። በቃ፣ ይኼው ነው ልዩነታቸው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 9
ጉልበቴን ተሻለኝ። ከእሱ ጋር ላይኛው ጫካ ወጣሁ። ገና ከመቀመጣችን ተሰማኝ...
"ድርቡ!"
"የቱ? ነጠላ ነው" ብሎ ጻፈ።
"ሁለተኛውን አልሰማህም?"
"ዓመት ሙሉ ተኝተሽ መጣሽና ልታስተምሪኝ ነው?"
ወፉ ደገመው። እሱ ግን የሚያየው ወደ ዛፉ አልነበረም፤ ወደ ፊቴ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 10
በቆሎ ስፈለፍል ዋልኩ። ጫካው የተከለለው ለድርቡ ሲባል ነው። እሱ የሚይዘው የቆጠራ መዝገብ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም ድርብ የለም። እሑድ መንደሩ ይሰበሰባል፤ ወፉ ጠፍቷል ከተባለ ጫካው ተመንጥሮ ለቡና ይከፋፈላል።
ልናገር? በሰው ፊት ላዋርደው? ዝም ብልስ?

ዓርብ፣ መስከረም 12
ሁለተኛውን ፉጨት እንደማይሰማው ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።
"አውቃለሁ" አለኝ።
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ካለፈው ዝናብ። መጀመሪያ ወፎቹ የራቁ መስሎኝ ነበር..."
ሾርባው ቀዘቀዘ። ሁለታችንም አልበላንም።

እሑድ፣ መስከረም 14
ስብሰባው ላይ ልናገር ልነሳ ስል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ራሱ ቆመ።
"የጠፋው ወፉ አይደለም። የኔ ጆሮ ነው።"
ሊቀመንበሯ ዶኛ ኦብዱሊያ፣ "ምን ማለትዎ ነው ዶን ኤሌውተሪዮ?" አለች።
"ትንሽ ጮክ በይ ልጄ።"
ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። ቆጠራው ይደገም ተባለ።

እሑድ፣ መስከረም 28
ዶኛ ኦብዱሊያ ራሷ አብራን ወጥታ ሰማች። አራት ድርብ። ጫካው አይነካም።
መዝገቡን አሁን እኔ ነኝ የምይዘው። እሷ ከወረደች በኋላ እዚያው ቀረን። ዛፎቹ ከጭጋጉ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ... ሕልም ውስጥ የተቀመጥን ይመስል። ኤሌውተሪዮ መዳፉን ዘረጋልኝ። ወፉ ሲያፏጭ በጣቴ ነካሁለት። አንዴ... ቆይቶ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሁለተኛ።
"እንዲህ ነበር አዎ" አለ ዓይኑን ጨፍኖ።
ወፉ በሮ ከሄደም በኋላ እጁን አልሰበሰበም።