በሰኔ ስለተቆረጠው የጥር ጤፍ ዋጋ

ለተከበሩ ጓድ ደሞዝ፣ የእህል ግዢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሕር ዳር። ሰኔ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ጉልበትዎ ለስብሰባ፣ ድምፅዎም ለማስተማር እንደበረታ ይቆይ። እኔ የሹም አቦ ሰፈሯ ነጋዴ ዘይነት ነኝ። ነጻ የእህል ንግድ ዘንድሮ ስለተፈቀደ ባለፈው ሳምንት ለነጋዴዎች የሰጡትን ትምህርት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። «ገበሬውና ነጋዴው ሰብሉ ሳይደርስ በዋጋ ቢዋዋሉ፣ ሁለቱም ከገበያ መዋዠቅ ይድናሉ» አሉን። ግሩም ትምህርት ነው። ምስጋናዬ የቀዘቀዘው፣ ይህንኑ ባለቤቴ ዓብደላ ከሰባት ዓመት በፊት ሲሠራበት በማየቴ ብቻ ነው።

ያኔ በሰኔ፣ ክንዱ የሚባል ከከተማው አጠገብ ያለችው የሰባታሚት ገበሬ፣ ገና ዘር ሳይበትን ቤታችን መጣ። የእሱ ስጋት፣ በጥር ሁሉም ጤፉን ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቅብኛል የሚል ነበር፤ የዓብደላ ደግሞ ይወደድብኛል የሚል። ስለዚህ በጥር ለሚረከቡት ጤፍ ዋጋውን በሰኔ ቆረጡ፤ ዓብደላም ቀብድ ሰጠ። ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ዋጋው ቢወጣ ክንዱን ይቆጨዋል፣ ቢወርድ ዓብደላን፤ እስከዚያው ግን ሁለቱም ይተኛሉ።

በጥቅምት በረዶ ወርዶ የክንዱን ማሳ አስተኛው። እጥፉን ከየት እንደሚያመጣ ጨንቆት መጣ። ዓብደላ «በረዶውን አንተ አላወረድኸው፤ ለከርሞ ታስረክበኛለህ» ብሎ ምሳ አብልቶ ሸኘው።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በዚያው ሰሞን ዓብደላን «በሌለ እህል የነገደ አሻጥረኛ» ብለው ስላሳሰሩልኝ አመሰግናለሁ። እስር ቤት ሳል ጀመረው፤ በሁለተኛው ክረምት ሬሳውን ተረከብሁ።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎም በዚያው ዓመት ክንዱ ሳይዘራ የሚያስረክበውን ኮታ ቆርጦበት ነበር፤ ያም የሌለ እህል ነበር። ልዩነቱ ዋጋውን ገዢው ብቻውን መቁረጡ፣ ክንዱንም እሺ ትላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አለመኖሩ ነው። ቀብድም አልሰጣችሁምና ብታፈርሱ የሚቀርባችሁ አልነበረም። በረዶው ማሳውን ሲመታ ኮታውን አልነካውም። ክንዱ በሬዎቹን ሸጦ ጤፍ ገዛና፣ በገዛበት ዋጋ እኩሌታ ለእናንተ አስረከበ። የሸጥሁለት እኔ ነኝ፤ ሌላው ነጋዴ ፈርቶ ሱቁን ዘግቶ ነበር። አህያው ላይ ሲጭን «እትዬ ዘይነት፣ ይኸን ዓመት ካለፍሁ ለከርሞ አርሳለሁ» አለኝ። በምን በሬ ሳልለው ጭነቱን አጥብቄ አሰርሁለት። ከዚያ ወዲህ አላረሰም፤ ዛሬ በመጋዘናችሁ ጆንያ ይሸከማል።

ሦስተኛ፣ በትምህርትዎ በማግስቱ የእህል ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና አስተናገዱኝ። የቤታችን ስም በአሻጥረኛነት እንደተመዘገበ ስለሆነ፣ እንዲሰረዝ ባለቤቴ ራሳቸው ቀርበው ማመልከት አለባቸው አሉኝ።

«እሳቸው የሉም» አልሁ።

«ግድ የለም፣ ሲመለሱ ይምጡ» አሉኝ።

ይህን የጻፍሁት መልስ ፈልጌ አይደለም። ውሉ ይፈቀድልን ብዬም አልለምንም፤ ተፈቅዷል። የሚዋዋሉት ሰዎች ናቸው የሌሉት። ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት ለቀበሌው አስረክቤያለሁ።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ሹመትዎም እንዲበረክት እየተመኘሁ፣ በትምህርትዎ ከሁሉ አብልጣ የተጠቀመችው፣
ዘይነት፣ የዓብደላ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ በስብሰባው ማብቂያ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ብለው ነበር። ወንበር ሊያነሣ በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ክንዱ እጁን አወጣ። እርስዎ ወዲያ ያዩ ስለነበር፣ እኛም ጭብጨባ ላይ ስለነበርን፣ እስኪዝል ይዞት ቆየና አወረደው።