የግራው ፔዳል

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጅ ልጄ፤

ያለሽበት አገር አየሩ ይስማማሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም እያማረረ ቢሆንም ይራመዳል። ሴት አያትሽ ግን ከድታኛለች።

ስትመጪ ትነጂዋለሽ ብዬ ቃል የገባሁልሽን አሮጌ ብስክሌት መፍታት ጀምሬ ነበር። የግራው ፔዳል በዝገት ተጣብቋል። ዘይት አጠጣሁት፤ መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ሦስት ቀን ታገልኩት፤ ወይ ፍንክች! በአራተኛው ቀን ያ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ብቅ አለና፣ «ጋሼ፣ የግራ ፔዳል እኮ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ሲያጠብቁት ነው የከረሙት!» ብሎ አንዴ ቢጫነው ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ የአያትሽ አፍ አልተዘጋም። «እጁ እንዴት የተባረከ ነው!» ትላለች። እኔን በአርባ ዓመት አንዴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ለእኔ ስኳር የከለከለች ሴት ለእሱ ሻይ ሦስት ማንኪያ ጨመረች! አዎ፣ ቀናሁ። ፀጉሬንም ከእንግዲህ እሱ ጋ አልቆረጥም፤ የቀሩኝም አሥር አይሞሉም።

አንቺም እዚያ የማታውቂው ነገር አልፈታ ሲልሽ፣ ከመታገልሽ በፊት ወዴት እንደሚዞር ጠይቂ። ጎረቤት ግን አትጠይቂ።

ትናንት ማንም ሳያየኝ ፔዳሉን መልሼ አጥብቄ በገዛ እጄ ፈታሁት። ስለዚህ እሁድ ስትደውዪ፣ አያትሽ እየሰማች፣ «አባባ፣ ፔዳሉን ፈታኸው አሉ!» በዪኝ። ውሸት አይሆንብሽም።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰላም መጥተሽ ለመንዳት ያብቃሽ።

አንጀቱ ያረረው አያትሽ