እንደ አባትሽ ወጥተሽ ግቢ

ለልጄ ለልዕልት፣ የቁስቋሟ እመቤት ከነልጇ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ እየተያየን ሳወራሽ ዓይንሽ ወደ ኮምፒውተሩ እየሸሸ ስላስቸገረኝ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን ማናዬ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ኮሶዬ ያለውን የባቄላ ማሳችንን ዘንድሮ ውርጭ መታው። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ የስፌት ማኪናውም እንደተሸፈነ ነው።

በሰልስቱ ዕለት ስደውልልሽ ያልተነጠፈው አልጋሽ ከኋላሽ ይታየኝ ነበር። «እማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መልሼ ልደውል» አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም። ግን ምነው ልጄ፣ ቤት ሆነሽ የምትሠሪው ሥራ ቤትሽን ሁሉ ወስዶብሽ ለአባትሽ የምታለቅሽበት ጥግ እንኳ አጣሽ?

አባትሽም ዕድሜ ልኩን የሰፋው እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ማኪናውን ጨርቅ አልብሶ ይወጣና ፒያሳ ደርሶ ይመለሳል። ሲገባ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው፣ «እንዴት ዋላችሁ?» ይለናል። አንቺ «አባዬ፣ አብረን አልዋልንም እንዴ?» ብለሽ ትስቂበት ነበር። እሱም «አብሮሽ የዋለው ልብስ ሰፊው ነው፤ አባትሽ ገና አሁን መጣ» ይልሽ ነበር።

እባክሽ፣ አንቺም ሲመሽ ኮምፒውተሩን ሸፍነሽ፣ ትንሽ ተራምደሽ ግቢ። አምላክ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። «እንዴት ዋላችሁ» የምትይው ሰው ቤትሽ እንደሌለ አውቃለሁ። ለእኔ ደውለሽ በይኝ። ከአባትሽ ወዲህ እኔንም በዚህ በር ገብቶ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም።

እናትሽ እታገኘሁ