ከጸበሉ ማን ይቀዳል?

ሰኞ፣ ጥር 24፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አሁን ከስብሰባው ተመለስኩ። ጫማዬ አቧራ፣ አፌ መራራ። ተክለሃይማኖት ነውና አውድማ የወረደ የለም፤ አለቃዬ አቶ ዳግም ቀኑን የመረጡት ለዚሁ ነው። ከአ.አ. መጥተው ስለ ንጹሕ ውሃ አውርተው አውርተው አይጠግቡም። ምንጭ ይጎለብታል፣ ቦኖ ይቆማል፣ ሴቶች ከወንዝ ለመቅዳት ገደል መውረዳቸው ይቀራል። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሁሉም እሺ አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደብተሬ። ግን የትኛው ምንጭ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ማንም አልተናገረም።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

ወገዳ፣ ቢሮ። የፕ/ቱን ዕቅድ አነበብኩ። መጨረሻ ላይ «ታሳቢዎች» የሚል ዓምድ አለ፤ ሥራው እንዲሳካ ከእኛ እጅ ውጭ ምን እውነት መሆን እንዳለበት የሚጻፍበት። አቶ ዳግም «ኅብረተሰቡ ፈቃደኛ ነው» ብለው ዘግተውታል። ከድሮ ዕቅድ የተገለበጠ ነው፤ «የእስቴ ኅብረተሰብ» ይላል። ስማዳ ላይ ተቀምጠን! እኔ የጎረቤቱ ወረዳ የእስቴ ልጅ ነኝ፣ አፈርኩ።

የትኛው ምንጭ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሚካኤል ሥር ያለው አሉ፤ ቅርብ ነው፣ በግንቦትም አይነጥፍም። እሱ እኮ ጸበል ነው! ነገርኳቸው። ውሃ ውሃ ነው አሉ፤ ደግሞስ ተስማምተው የለ?

ኤጭ።

ሐሙስ፣ ጥር 27

በጠዋት መንደሩ ወጣሁ። የሚካኤሉን መሪጌታ አየለን አገኘኋቸው። እንዴት እሺ አላችሁ አልኳቸው። «ምኑን?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ለካ መንደሩ ሁሉ ውሃው የሚመጣው ከተራራው ጀርባ ካለው ምንጭ መስሎት ኖሯል።

«ልጄ፣ ጸበሉን በሲሚንቶ ይዘጋሉ ብሎ ማን ያስባል? ስላላሰብን አልጠየቅንም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ወገን የየራሱን ግምት በሆዱ ይዞ ተመራረቀ። ይኼ ነው ምክክር የምንለው።

ከዚያ ወደ እነ ጥሩ ቤት። መንደሩ ሳድር የምታሳድረኝ እሷ ናት። ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ጸበሉ አትደርስም። የወር አበባዋ የመጣባትም አትደርስም፣ ከባሏ ጋር ያደረችም አትደርስም። አሁን ጎረቤት ከወንዙ ይቀዳላታል፤ ጠንከር ስትል ልጅ አቅፋ፣ ጀሪካን አዝላ ራሷ ትወርዳለች። ባሏ ለሥራ መተማ ነው። ካቻምና ክረምት እዚያው ገደል ላይ ጀሪካን እንዳዘለች ተንሸራትታ ጽንሷ ወርዷል። ቦኖው ጸበሉ ላይ ከቆመ ምን ታደርጊያለሽ ብላት ሳቀች።

«ምን አደርጋለሁ? ያው ወንዙ አለ አይደል።»

መመለሻዬን አለቀስኩ። ከንዴት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 28፣ 6 ሰዓት

ለአቶ ዳግም ሁሉንም ነገርኳቸው። የጀርባውን ምንጭ እናምጣ አልኩ። ቧንቧው ይረዝማል፣ ዕቅዱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ለጋሾቹ ደግሞ ዛሬ ይፈልጉታል አሉ። መፍትሔ አላቸው፦ አንድ ታሳቢ እንጨምር። «ሴቶች አመለካከታቸውን ቀስ በቀስ ይለውጣሉ።» ሴትም ስለሆንሽ፣ የአገሩም ልጅ ስለሆንሽ አንቺ ጻፊውና በስምሽ ላኪው አሉኝ።

ትቻቸው ደጅ ወጣሁ።

እሳቸው ለምሳ ሄዱ። በዓርብ ቀን ጥብስ አዘዙ አሉ። ጾም ነው፣ የለም ሲባሉ ተገረሙ። ይኖራል ብለው ይኸንንም ገምተው ነበር።

ዓርብ፣ 8 ሰዓት

ሚካኤል ሥር ሲሚንቶ ሲወርድ፣ ጥሩ ደግሞ ልጇን አቅፋ በአጠገቡ አልፋ ገደሉን ስትወርድ ይታየኛል። ከዚያ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጣል። ወንድ ይጠጣል።

ታሳቢውን ጻፍኩት። የእሳቸውን አጥፍቼ፣ እንዳሉትም በስሜ፦

«ይህ ፕሮጀክት የሚሳካው በመንደሩ የወር አበባ የምታይ፣ የምትወልድ ወይም ከባሏ ጋር የምታድር ሴት ከሌለች ነው።»

ሌላ አልጨመርኩም። ለእሳቸውም ለለጋሾቹም እኩል ይደርሳቸዋል። ያባርሩኝ። ኔትወርክ ብቻ ነው የምጠብቀው።

መጣ።